ዋጋው በውስጥ መስመር

በአፍሪካ ቀንድ የግመል ገበያ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ አንድ ሥርዓት አለ። ሻጭና ገዢ፣ ወይም በመካከላቸው የቆመው ደላላ፣ እጅ ለእጅ ይያያዙና በላዩ ላይ ሽርጥ ወይም ነጠላ ይጥሉበታል። ከጨርቁ ሥር ጣት ጣትን ይጨብጣል፤ የጣቱ ብዛትና አጨባበጡ ሺውንና መቶውን ይናገራል። ዙሪያውን የከበበው ሕዝብ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ቆመው ዝም ሲባባሉ ያያል እንጂ ስንት እንደ ተባባሉ አይሰማም። ገበያው በአደባባይ፣ ዋጋው በድብቅ ነው።

ያ ጨርቅ ዛሬ ከግመል ተራ ወጥቶ ኮምፒውተር መሸጫ ገብቷል። ላፕቶፕና የላፕቶፕ ዕቃ የሚሸጡ የቴሌግራም ቻናሎችን የሚከታተል ሰው የማስታወቂያውን መልክ በቃሉ ያውቀዋል። ፎቶግራፉ ጥርት ያለ ነው። የፕሮሰሰሩ ትውልድ፣ የራሙ መጠን፣ የኤስኤስዲው አቅም፣ የስክሪኑ ስፋት፣ ባትሪው ስንት ሰዓት እንደሚቆይ አንድ በአንድ ተዘርዝሯል። የሱቁ አድራሻ ከነፎቁና ከነቁጥሩ ተጽፏል። በመጨረሻም የገዢው ዓይን ከመጀመሪያው ጀምሮ ሲፈልገው የነበረው መስመር ይመጣል፤ «ዋጋ፦ በውስጥ መስመር»።

ይህች አጭር ሐረግ እንደ ነጋዴ ብልሃት፣ አልፎ አልፎም እንደ ጨዋነት ስትታይ ኖራለች። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ዋጋው ካልተጻፈ ሻጩ የሚያነበው የዕቃውን ዋጋ ሳይሆን የገዢውን ፊት ነው፤ ፊቱን ማየት ካልቻለም አነጋገሩን፣ ስሙንና የስልክ ቁጥሩን ያነብባል። ከዚያ በኋላ ለአንድ ዓይነት ራም ሦስት ሰዎች ሦስት ዋጋ ቢሰሙ ሊያስደንቅ አይገባም።

ለአዲስ አበባ ገዢ ይህ መንገላታት ብቻ ነው፤ ከአንዱ ፎቅ ወደ ሌላው ወጥቶ ወርዶ ያጣራል። ለኦቦ ነዋሪ ግን ከዚህ የከበደ ነው። ኦቦ በኬንያ ማርሳቢት ካውንቲ፣ ከሞያሌ ንዑስ ካውንቲ 7 ዋርዶች አንዱ ነው፤ ሶሎሎ ጎረቤቱ፣ የኢትዮጵያ ድንበር ራስጌው። አንዲት የኦቦ መምህርት አሮጌ ላፕቶፕ አላት እንበል። መሣሪያው ለመነሣት 10 ደቂቃ ይፈጅበታል። ሃርድ ዲስኩ ተነሥቶ በ256 ጊጋ ኤስኤስዲ ቢተካና 8 ጊጋ ራም ቢጨመርለት ግን ገና ብዙ ዓመት ያገለግላል። የሒሳቡ ጥያቄ ቀላል ነው፤ የሁለቱ ዕቃዎች ዋጋና ወደ ሞያሌ ከተማ የሚያደርሰው የደርሶ መልስ መሣፈሪያ ሲደመር ካጠራቀመችው ይበልጣል ወይስ ያንሳል? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆነው ቁጥር ያው የተደበቀው ቁጥር ነው። በውስጥ መስመር ስትጽፍ ለጥያቄዋ በጥያቄ ይመለስላታል፤ «ከየት ነው የሚጽፉት?» ቀጥሎም «ለራስዎ ነው ወይስ ለድርጅት?» ዋጋው የሚመጣው ከእነዚህ በኋላ ነው። ሁለቱም ጥያቄዎች ስለ ኤስኤስዲው አንዳች ነገር አይጠይቁም።

ለዚህ ችግር መፍትሔ አለን የሚሉ አልጠፉም። ናይሮቢና አዲስ አበባ ተምረው የመጡ፣ የኮምፒውተር ፍቅር ያደረባቸው ወጣቶች የሚሰጡት ምክር አንድ ዓይነት ነው፦ የዋጋ መከታተያ ተጠቀሙ። እነዚህ መሣሪያዎች ምን እንደሆኑ ላልደረሰበት አንባቢ ባጭሩ ማስረዳት ይገባል። የዋጋ መከታተያ የአንድን ዕቃ ገጽ በቀን ደጋግሞ እየጎበኘ ዋጋውን ከነቀኑና ከነሰዓቱ የሚመዘግብ ፕሮግራም ነው። የተመዘገበውን በግራፍ ይሥላል። ገዢው «ይህ ራም ከ40 ዶላር በታች ሲወርድ ንገረኝ» ብሎ ካዘዘው ዋጋው የወረደ ዕለት ኢሜይል ይልክለታል። በአማዞን ላይ ይህን ሥራ ከጀመሩት መካከል እ.ኤ.አ. በ2008 የተከፈተው አንዱ ነው፤ ስሙም «ካሜል ካሜል ካሜል» ይባላል። ጀርመን አገር የተሠራው «ኪፓ» ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። «ፒሲ ፓርት ፒከር» ደግሞ ለኮምፒውተር ዕቃ ብቻ የተዘጋጀ ነው፤ የትኛው ፕሮሰሰር ከየትኛው ማዘርቦርድ ጋር እንደሚገጥም ያሳያል፤ ያንኑ ዕቃ በተለያዩ ሱቆች ያለውን ዋጋ ጎን ለጎን ያስቀምጣል።

ሞያሌን ለሚያውቅ ሰው ሦስት ጊዜ ግመል የተባለው መሣሪያ ስም ፈገግ ያሰኛል። መሣሪያው የሚሠራው ግን የግመል ተራውን ሥርዓት ተቃራኒ ነው፤ ጨርቁን ያነሣል። ትናንት ስንት እንደ ነበር፣ ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ ስንት እንደ ነበር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወጣ ስንት እንደ ነበር ለጠየቀ ሁሉ ይናገራል።

እዚህ ላይ ስለ ቃሉ አንድ ነገር ማለት ተገቢ ነው። በእንግሊዝኛ አነጋገር ዋጋ በራሱ ይወድቃል፤ የጣለው ሰው አይነገርም። አማርኛው ግን «ቅናሽ» ሲል ቀናሽ አለው። «ቀንስልኝ» ይላል ገዢው፤ «ለአንተ ስል ነው» ይላል ሻጩ። ቅናሽ በአማርኛ የስጦታ ጠረን አለው፤ ለስጦታ ደግሞ ማስረጃ መጠየቅ ነውር ነው። «ታላቅ ቅናሽ» የሚለው ጨርቅ በሱቅ በር ላይ ሲንጠለጠል «ከስንት ወደ ስንት?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው እንደ ቀማኛ የሚታየው ከዚህ የተነሣ ይመስላል። የዋጋ መከታተያው ታላቁ ውለታ ይህን ጥያቄ ከነውርነት ማውጣቱ ነው። በኅዳር ወር በ«ብላክ ፍራይዴይ» ስም ግማሽ ዋጋ ተብሎ የቀረበ ስክሪን፣ ግራፉ ሲታይ በመስከረም ያንኑ ዋጋ ይሸጥ የነበረ፣ በጥቅምት ሆን ተብሎ የተሰቀለ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

የአውሮፓ ኅብረት ይህን ጥያቄ ሕግ አድርጎታል። እ.ኤ.አ. ከሜይ 28 ቀን 2022 ጀምሮ ተግባራዊ በሆነው መመሪያ መሠረት ቅናሽ አደረግሁ የሚል ነጋዴ ከቅናሹ በፊት በነበሩት 30 ቀናት ውስጥ የሸጠበትን ዝቅተኛ ዋጋ አብሮ መጻፍ አለበት። የኅብረቱ ፍርድ ቤትም በሴፕቴምበር 2024 በአንድ የጀርመን ሱፐርማርኬት ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ፣ ዝቅተኛውን ዋጋ በትንሽ ፊደል ከሥር ጽፎ በመቶኛውን ከሌላ ከፍ ካለ ዋጋ ላይ ማስላት እንደማይቻል አረጋግጧል።

እንግዲህ መሣሪያው መልካም ነው። ምክሩ ግን መልካም አይደለም። ለኦቦ ነዋሪ «ኪፓ ጫኚ» ማለት ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ከማለት አይለይም። አማዞን በአፍሪካ ምድር የራሱን መደብር የከፈተው በሁለት አገሮች ነው፤ በግብፅ እ.ኤ.አ. በ2021፣ በደቡብ አፍሪካ በ2024። የአሜሪካው ግራፍ የሚያሳየው የአሜሪካን ዋጋ ነው። ያ ዕቃ ሞያሌ እስኪደርስ ማጓጓዣ ይጨመርበታል፤ ጉምሩክ ይጨመርበታል፤ በኬንያ 16 በመቶ፣ በኢትዮጵያ 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ይጨመርበታል፤ ያመጣው ሰው ትርፍም አለ። በአሜሪካ 5 ዶላር ወረደ የሚለው ኢሜይል ኦቦ ሲደርስ ዜና እንጂ ዋጋ አይደለም። ይባስ ብሎም ሞያሌ ላይ የሚሸጠው አብዛኛው ዕቃ አዲስ አይደለም፤ በኬንያ በኩል «ኤክስ ዩኬ»፣ በኢትዮጵያ በኩል «ስላሽ» ወይም ያገለገለ የሚባለው ነው። መከታተያው ደግሞ የተሠራው አንዱ ከሌላው ለማይለይ አዲስ ዕቃ ነው።

ምክሩን የሚሰጡት ወጣቶች የማይናገሩት ሌላም ጉዳይ አለ። እነዚህ መሣሪያዎች በነጻ የሚሰጡ ከሆነ ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ብዙዎቹ የሚኖሩት ከኮሚሽን ነው፤ ገዢው በእነርሱ ማያያዣ በኩል ሄዶ ሲገዛ ሱቁ ይከፍላቸዋል። በዚህ መኖር በራሱ ኃጢአት አይደለም፤ ደላላም እንጀራ ይበላል። ሆኖም ኩፖን ፈላጊና ዋጋ ተከታታይ የሆነችውን «ሃኒ»ን ፔይፓል እ.ኤ.አ. በ2019 በ4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ለመግዛት ሲስማማ፣ አንዲት በብሮውዘር ላይ የምትለጠፍ ትንሽ ፕሮግራም ይህን ያህል ያወጣችው ስለ ሸማቹ ፍቅር እንዳልሆነ መገመት ቀላል ነበር። በዲሴምበር 2024 አንድ የዩቲዩብ አዘጋጅ፣ ሃኒ የሌሎችን ኮሚሽን በመጨረሻዋ ደቂቃ ወደ ራሷ ታዞራለች፣ ለገዢውም ሁልጊዜ የተሻለውን ኩፖን አታሳይም ብሎ በይፋ ከሰሰ። ኩባንያው አሠራሬ በዘርፉ የተለመደ ነው ብሎ ተከራከረ፤ ጉዳዩም ወደ ፍርድ ቤት አመራ። ጉግል በበኩሉ የራሱን የዋጋ ማነጻጸሪያ ከተፎካካሪዎቹ በላይ በማስቀመጡ የአውሮፓ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2017 2.42 ቢሊዮን ዩሮ ቀጥቶታል፤ ቅጣቱም በ2024 በይግባኝ ጸንቷል። ደላላው ጨርቁን ከሻጭና ከገዢ እጅ ላይ አንሥቶ በራሱ እጅ ላይ ሊጥለው እንደሚችል ይህ በቂ ምስክር ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ስሕተት ግን ይህ አይደለም። ምክር ሰጪዎቹ መከታተያውን እንደ ጠቢብ ያዩታል፤ መከታተያው ግን ጸሐፊ ነው። ከገጽ ላይ የተጻፈ ቁጥር ይገለብጣል፣ ቀን ይጽፍበታል፣ ያስቀምጣል። ይህን ሥራ አንድ የ8ኛ ክፍል ተማሪ በ32 ገጽ ደብተር ሊሠራው ይችላል። ተማሪውም ሆነ ኪፓ ሊሠሩት የማይችሉት ያልተጻፈን ዋጋ መገልበጥ ነው። ከ«ዋጋ በውስጥ መስመር» ላይ ምን ግራፍ ይሣላል? ሞያሌ የጎደላት መሣሪያው አይደለም፤ መሣሪያው የሚቀዳበት ምንጭ ነው።

ድብቅ ዋጋ የአገር ልማድ ነው፣ አይቀየርም የሚል ሰው ቢኖር ቡናውን ይመልከት። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2008 ሥራ ሲጀምር ከዋና ዓላማዎቹ አንዱ ዋጋን ወደ ገበሬው ማድረስ ነበር። በገጠር ከተሞች የኤሌክትሮኒክ ዋጋ ማሳያ ሰሌዳዎች ተተከሉ፤ 929 ደውሎ የዕለቱን ዋጋ መስማት ተቻለ። ገበሬው ማንበብ ባይችል ሰሌዳውን ልጁ አነበበለት። ስለ ምርት ገበያው ብዙ ሊነቀፍ የሚችል ነገር ይኖራል፤ አንድ ነገር ግን አሳይቷል፤ ለዘመናት በነጋዴ ጆሮና አፍ ብቻ ይዞር የነበረ ዋጋ በአደባባይ ሲጻፍ ሰማይ አልተደፋም። ታዲያ ገበሬ የሚሸጠው ሰሊጥ ዋጋው በሰሌዳ ሲጻፍ፣ የገበሬው ልጅ ለትምህርቱ የሚገዛው ላፕቶፕ ዋጋው ለምን በጨርቅ ይሸፈናል?

ነጋዴውም ቢሆን ከዚህ የሚያተርፍ እንጂ የሚከስር አይደለም። ለዚህ የሚጠቀሰው የሕንድ ኬረላ ዓሣ አጥማጆች ታሪክ ነው። ሮበርት ጄንሰን የተባለው የምጣኔ ሀብት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተመው ጥናት፣ ሞባይል ስልክ ወደ ባሕር ዳርቻው ሲገባ ዓሣ አጥማጆቹ ገና በባሕር ላይ ሳሉ የየወደቡን ዋጋ መጠየቅ እንደ ጀመሩ አሳይቷል። ቀድሞ በአንዱ ወደብ ገዢ ጠፍቶ ዓሣ ሲጣል፣ ጥቂት ኪሎ ሜትር ራቅ ብሎ ዓሣ ይጠፋ ነበር። ዋጋው ከታወቀ በኋላ መጣሉ ቀረ፤ የአጥማጆቹ ትርፍ በአማካይ 8 በመቶ ከፍ አለ፤ ሸማቹ የሚከፍለው ደግሞ 4 በመቶ ዝቅ አለ። ሁለቱም ወገን ያተረፉት በመካከላቸው ይባክን የነበረውን ነው።

የሻጮቹን መከራከሪያ ሳይሰሙ መፍረድ ግን አይገባም።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሣው «ተፎካካሪዬ ዋጋዬን ያይብኛል» የሚለው ነው። ይህ ለጆሮ ይጥማል፤ ሲመረመር ግን ባዶ ነው። ተፎካካሪው ዋጋውን ማወቅ ሲፈልግ አንድ ልጅ ይልካል፤ ወይም በሌላ ስልክ እንደ ገዢ ሆኖ ይጽፋል። የሞያሌ ነጋዴዎች የእርስ በርስ ዋጋቸውን ጠንቅቀው ያውቃሉ። የማያውቀው ገዢው ብቻ ነው። ከተፎካካሪ የተሸሸገ የሚመስለው ዋጋ በእርግጥ የተሸሸገው ከኦቦዋ መምህርት ነው።

«ምንዛሪው በየቀኑ ይለዋወጣል፣ ዛሬ የጻፍሁት ነገ ያከስረኛል» የሚለው መከራከሪያ ከፊተኛው የጠነከረ ነው። በድንበር ከተማ በሁለት ገንዘብ የሚነግድ ሰው ይህን ቢል ሐሰት ተናገረ አይባልም። ለዚህ መድኃኒቱ ግን ዋጋውን መደበቅ ሳይሆን ቀኑን መጻፍ ነው። «እስከ ቅዳሜ የጸና» የሚሉ ሦስት ቃላት ይበቃሉ።

እንዲያውም ምንዛሪው የሚለዋወጥ መሆኑ ዋጋ እንዲጻፍ የሚያስገድድ ዋነኛ ምክንያት ነው። የኬንያ ሽልንግ በጃንዋሪ 2024 ለአንድ ዶላር 160 ገደማ ደርሶ ነበር፤ በዚያው ዓመት ኤፕሪል ላይ 130 ገደማ ሆነ። በዶላር 100 የሚያወጣ ዕቃ ከ16,000 ሽልንግ ወደ 13,000 ሽልንግ መውረድ ነበረበት ማለት ነው። ወረደ ወይ? የጃንዋሪውን ዋጋ ጽፎ ያስቀመጠ ገዢ ካልሆነ በቀር ሊመሰክር የሚችል የለም፤ ያልተጻፈውን ደግሞ ማን ያስቀምጠዋል! በኢትዮጵያ በኩል በጁላይ 29 ቀን 2024 የምንዛሪ ሥርዓቱ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው የባንክ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። «ዶላር በእጥፍ ጨመረ» ተባለ፣ ዕቃም ጨመረ። በጥቁር ገበያ ግን ዶላር ከዚያ በፊትም ከ100 ብር በላይ ይመነዘር ነበር። በባንክ ዶላር የመጣ ዕቃ ቢጨምር ያስማማል፤ በጥቁር ገበያ ዶላር የመጣው ግን የዋጋው ጭማሪ ቀድሞውኑ ተከፍሎበታል። ገዢው ሁለቱን የሚለይበት የተጻፈ ነገር በእጁ የለም።

ዋጋ ሲወጣ እንደ ሮኬት፣ ሲወርድ እንደ ላባ ነው የሚሉት ምሁራን በከንቱ አይደለም። ሳም ፔልዝማን የተባለው የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ መምህር እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተመው ጥናት ከ200 በላይ የዕቃ ዓይነቶችን መርምሮ፣ ከሦስት ገበያ በሁለቱና ከዚያም በሚበልጠው ውስጥ ወጪ ሲጨምር ዋጋ በፍጥነት እንደሚጨምር፣ ወጪ ሲቀንስ ግን ዋጋው እየተጎተተ እንደሚወርድ አግኝቷል። ይህ በአሜሪካ፣ ዋጋ በሚጻፍበት አገር ነው።

ዋጋ ባለመጻፉ የሚጎዳው ደግሞ ገዢው ብቻ አይደለም፤ እውነተኛው ነጋዴም ነው። በ2025 መጨረሻ የራም ዋጋ በዓለም ዙሪያ በጥቂት ወራት ውስጥ በእጥፍና ከዚያም በላይ ናረ። ምክንያቱ ሞያሌ ላይ የለም። የዓለምን ራም በአመዛኙ የሚሠሩት ሦስት ኩባንያዎች፣ ሳምሰንግ፣ ኤስኬ ሃይኒክስና ማይክሮን፣ ምርታቸውን ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከላት ወደሚውለው ውድ ሚሞሪ አዞሩ። ማይክሮን በዲሴምበር 2025 «ክሩሻል» በሚለው ስም ለተራ ሸማች የሚሸጠውን ሥራ እንደሚያቆም እስከ ማስታወቅ ደረሰ። በዚያ ሰሞን አንድ የሞያሌ ሻጭ «ራም ጨምሯል» ቢል የተናገረው እውነት ነበር። ግን ማን ያምነዋል? ምንም ሳይጨምር «ጨምሯል» ሲሉ ለኖሩት የሰጠውን ጆሮ ነው ገዢው የሚሰጠው። ያለፉት ስድስት ወራት ዋጋ በቻናሉ ላይ ከነቀኑ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ሻጩ መሐላ አያስፈልገውም ነበር፤ ወደ ላይ ጣቱን ሰድዶ «እነሆ» ማለት ይበቃው ነበር። የዋጋ መውረድን የሚመዘግብ መሣሪያ የዋጋ መውጣትንም ይመሰክራል።

በመጨረሻ «ክርክር ባህላችን ነው» የሚሉ አሉ። ይህን የሚሉት ሰዎች የግመል ተራውን በሚገባ አላስተዋሉትም። ከጨርቁ ሥር እጅ የሚጨባበጡት ሁለት ሰዎች ግመሏን እኩል ያውቋታል። ገዢው ጥርሷን ገልጦ አይቷል፤ እግሯን ዳስሷል፤ ስትራመድ ተመልክቷል። ጨርቁ የሚሸፍነው ዋጋውን ከተመልካች ነው እንጂ ከገዢው አይደለም። ኮምፒውተር ላይ ጥርስ የለም። ያገለገለ ሃርድ ዲስክ ስንት ሺህ ሰዓት እንደ ሠራ በመልኩ አይታወቅም። «ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ» የተባለው ነጻ ፕሮግራም ሰዓቱንና የዲስኩን ጤንነት በአንድ ገጽ ያሳያል፤ በማስታወቂያው ላይ የዚያን ገጽ ፎቶ የሚለጥፍ ሻጭ ግን ብርቅ ነው። የዕቃውንም ጥርስ ዋጋውንም ሸፍኖ ክርክር ማለት ክርክር አይደለም። ደግሞስ ዋጋ መጻፍ ክርክርን መቼ ከለከለ? 4,500 ተብሎ ከተጻፈው ላይ «በ4,000 ስጠኝ» ማለት ይቻላል። እንዲያውም እውነተኛ ክርክር የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ሕጉስ ምን ይላል? በኢትዮጵያ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ የዕቃውን ዋጋ በንግድ ቤቱ በግልጽ በሚታይ ቦታ እንዲለጥፍ ወይም በዕቃው ላይ እንዲጽፍ ያስገድዳል። እ.ኤ.አ. በ2010 የጸደቀው የኬንያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 46 ሸማቹ ከሚገዛው ዕቃ ሙሉ ጥቅም ለማግኘት የሚያስፈልገውን መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። ድንበሩን በወዲህም በወዲያም ቢሻገሩት የተጻፈው ቃል ለገዢው ይፈርዳል። የሕግ ያለህ ማለት ስላልተለመደ ብቻ ስልክ ውስጥ የገባው ሱቅ ከዚህ ግዴታ የወጣ መስሎታል።

ስለዚህ ወጣቶቹ መከታተያ ጫኑ ከማለታቸው በፊት ሊሠሩት የሚገባ ሥራ አለ። እያንዳንዱ ገዢ በውስጥ መስመር የተነገረውን ዋጋ በአደባባይ ይጻፈው። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ሁሉም ሊያየው የሚችል የሠንጠረዥ ገጽ ነው፦ ቀኑ፣ የዕቃው ሞዴል፣ አዲስ ወይም ያገለገለ መሆኑ፣ ለዲስክ ከሆነ የሠራበት ሰዓት፣ ለባትሪ ከሆነ የቀረው አቅም፣ ዋጋው በሽልንግ ወይም በብር፣ የዕለቱ ምንዛሪ። የሻጩ ስም እንኳ አያስፈልግም፤ ማንንም ማዋረድ አይደለም ዓላማው። አንድ ሰው ብቻ ከጻፈው ሐሜት ነው፤ 50 ሰው በየሳምንቱ ከጻፈው ግን የሞያሌ የራም ዋጋ ምን እንደሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ ይታወቃል። ከዚያ በኋላ ግራፍ መሣል፣ ዋጋ ሲወርድ በቴሌግራም መልእክት የሚልክ ቦት መሥራት የአንድ ቅዳሜና እሑድ ሥራ ነው፤ ቦት መሥራት የሚችሉ ልጆች ከድንበሩ ወዲህም ወዲያም አሉ።

ይህን የማይወድ ሻጭ አንድ ነገር ልብ ቢል ይበጀዋል። ከሞያሌ ናይሮቢ 770 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የኢሲዮሎ መንገድ አስፋልት ከሆነ ወዲህ አውቶቡስ በየቀኑ ይመላለሳል። ናይሮቢ ውስጥ ብዙ የኮምፒውተር ሱቆች ዋጋቸውን በሽልንግ በድረ ገጻቸው ላይ ይጽፋሉ። የኦቦዋ መምህርት ያንን ዋጋ ከስልኳ ታየዋለች፤ የአውቶቡስ ጭነት ትጨምርበታለች፤ በኤምፔሳ ትከፍላለች። ማንም ከየት እንደሆነች አይጠይቃትም። የሞያሌው ሱቅ በዋጋ ከናይሮቢው ያነሰ ሊሆን ይችል ነበር፤ ቅርቡ እርሱ ነው፤ ቢበላሽ መልሳ የምታመጣው ለእርሱ ነው። እርሷ ግን ይህን የምታውቅበት መንገድ የላትም፤ የጻፈችለት መልእክት ገና «ለራስዎ ነው ወይስ ለድርጅት?» የሚለው ላይ ነው።